መዝጊያው የተዘጋው በማን ላይ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን አመሻችሁ? በሰላም ላገናኘን አምላክ ምስጋና ይግባው። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስለ ጾም እንድናገር የጋበዛችሁኝን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ግብዣው ሲደርሰኝ ቶሎ እሺ አላልሁም፤ ሁለት ሳምንት ያህል አቆይቼዋለሁ። ስለ ጾም በሰው ፊት ቆሞ መናገር ተናጋሪውን ጾመኛ አስመስሎ ስለሚያሳየው፣ በአፌ የምናገረውን ነገር መቆሜ ራሱ ያፈርስብኛል ብዬ ፈራሁ። ኋላ ግን ይህንኑ ፍርሃቴን ርእስ አድርጌ ይዤው መጣሁ።

ዛሬ ስለሚበላውና ስለማይበላው አልናገርም፤ ስለ ሰዓቱም ስለ ቀኑ ቁጥርም አልናገርም። ይህን የሚያስተምሩ አባቶችና መምህራን አሉን። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ ስንጾምና ለብቻችን ስንጸልይ በማን ፊት ነው የቆምነው? በመጀመሪያ ጌታችን ስለ እልፍኙና ስለ መዝጊያው የተናገረውን፣ ቀጥሎ ነቢያት ጾመኞችን የጠየቁትን፣ በመጨረሻም ከዚሁ የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ እናያለን። በመካከሉ ከራሴ ሕይወት ሁለት ነገሮችን እነግራችኋለሁ። ሁለቱንም መናገር ይከብደኛል፤ ነገር ግን ስለ ቅንነት እየተናገርሁ እነርሱን ብደብቅ ንግግሬ ከንቱ ይሆናል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም በተከታታይ ያስተምራል። ልብ በሉ፤ «ብትጦሙ» አላለም፤ «ስትጦሙ» ነው ያለው። ሰሚዎቹ የሚጾሙ መሆናቸውን እንደ ታወቀ ነገር ይዞ ነው የሚናገረው። እኛ ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ስናነብ ሌላ ሰው ይታየናል፤ አንድ የምናውቀው ግብዝ በዓይናችን ላይ ይመጣል። ቃሉ የተነገረው ግን ለማን ነው? ለሚጾመው ነው። ስለዚህ ለእኔ ነው፤ ለእናንተም ነው።

«ስትጦሙም እንደ ግብዞች አትጠውልጉ፤ ለሰዎች እንደ ጦመኛ ሊታዩ ፊታቸውን ያጠፋሉና» ይላል። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ግብዝ ተብሎ የተተረጎመው የግሪክኛ ቃል በቴአትር መድረክ የሌላ ሰው ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ ይጠሩበት የነበረ ቃል ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ተዋናይ የሚጫወተው ጭንብል አጥልቆ ነበር። «ያጠፋሉ» እና «ሊታዩ» የተባሉት ሁለቱ ቃላትም በግሪክኛው በድምፅ የሚቀራረቡና ሆን ተብሎ ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስላሉ፤ አንዱ ከእይታ መጥፋት፣ ሌላው ለእይታ መውጣት ነው። ተርጓሚዎቻችን «ፊታቸውን ያጠፋሉ» ማለታቸው ትልቅ ማስተዋል ነው እላለሁ። ሰውዬው ሊታይ ብሎ ፊቱን ያጠፋል። ታዲያ የታየው ማን ነው? ጭንብሉ ታየ፤ ሰውዬው ጠፋ። ሰዎች ያመሰገኑት እርሱን አይደለም፤ እርሱንማ አላዩትም።

ቀጥሎ «እውነት እላችኋለሁ፥ ዋጋቸውን ተቀብለዋል» ይላል። ይህ «ተቀብለዋል» የተባለው ቃል በዚያ ዘመን በፓፒረስ ላይ በተጻፉ የክፍያ ወረቀቶች ላይ የሚገኝ ቃል ነው፤ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ ከእንግዲህ የሚጠየቅ ቀሪ የለም ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ ለዚህ ወረቀት ያወጣለትን ስም አስተውሉ፤ ደረሰኝ እንለዋለን። ገንዘቡ ደረሰኝ፣ እጄ ገባ ማለት ነው። አንድ ወዳጄ «አንተ እኮ በጾም ብርቱ ነህ» ሲለኝ ልቤ ሞቅ ካለው፣ ያን ጊዜ በደረሰኙ ላይ ፈርሜአለሁ። ከዚያ በኋላ በጸሎቴ ምን ልጠይቅ? ዋጋዬ ደርሶኛል።

ስለ ጸሎትም «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ» ይለናል። እልፍኝ የተባለው ቃል በግሪክኛው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍልንም ይጨምራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ ቁራዎች ሲናገር ዕቃ ቤትም ጎተራም የላቸውም የሚለው ላይ ዕቃ ቤት የተባለው ይኸው ቃል ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ያ ክፍል ለእኔ ሌላ መልክ ያዘ። እህሉ፣ ዘይቱ፣ ለነገ የተባለው ሁሉ ያለበት ክፍል ነው። ጾመኛው በዚያ ክፍል ውስጥ መዝጊያውን ዘግቶ ብቻውን ቆሟል እንበል። ቢበላ ማን ያየዋል? ማንም። ሳይበላ ቢወጣስ ማን ያመሰግነዋል? ማንም። የሚያየው አንድ ብቻ ነው። ጾም ጾም መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ደግሞ መዝጊያውን ዘግተን ስልካችንን ይዘን እንገባለን፤ የተገለጠውን መጽሐፍ፣ የበራውን ሻማ ፎቶ አንሥተን ለሰው ሁሉ እንልካለን። መዝጊያው ተዘግቷል፤ ግን ማን ውጭ ቀረ?

አሁን የመጀመሪያውን ታሪኬን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት በሆድ ሕመም ታምሜ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በየቀኑ በሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር እንድወስደውም አጥብቆ ነገረኝ። ጊዜው የጾም ወቅት ስለነበር ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። ጥቂት እንኳ አላመነቱም፤ «ብላ ልጄ፤ መድኃኒትህን ውሰድ። ሲሻልህ ትጾማለህ፤ ጸሎትህን ግን አታስታጉል» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሐኪሙ ያውቃል፤ አባቴ ፈቅደዋል። ሌላ የቀረ ማን አለ?

ሆኖም በማግሥቱ በሥራ ቦታዬ የምሳ ሰዓት ሲደርስ የቢሮዬን በር ከውስጥ ቆለፍሁት። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረግሁ። በየቀኑ ቆልፌ በላሁ። አንድ ቀን በመካከሉ በሩ ተንኳኳ። ሳህኑን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ አፌን ጠርጌ ከፈትሁ። የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ፊቴን አይቶ «ጾሙ አድክሞሃል መሰለኝ» አለኝ። እኔም «አዎ፣ ትንሽ» አልሁት።

ሁለት ቃል ናት። ያን ዕለት ማታ ለጸሎት ስቆም እነዚያ ሁለት ቃላት ከፊቴ አልሄድ አሉ። ጌታችን መዝጊያህን ዘግተህ ጸልይ አለ፤ እኔ ዘግቼ በላሁ። መብላቴ ኃጢአት አልነበረም፤ የተፈቀደልኝ ነው። ታዲያ በሩን የቆለፍሁት በማን ላይ ነው? በእግዚአብሔር ፊት ምንም የምደብቀው አልነበረኝም። የደበቅሁት ከሰዎች ነው። ያን ጊዜ አንድ የሚያስፈራ ነገር ተረዳሁ፤ ስለመብላቴ ይህን ያህል የምሸማቀቀው በሰው ፊት ከሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ስጾም የኖርሁት ለማን ነበር? መልሱን ለራሴም ልነግረው አልደፈርሁም ነበር። ሕመሙ ባይመጣ ኖሮ ጥያቄውንም አላነሣውም ነበር።

ስለዚህ በመካከላችን ያላችሁ ሕሙማን፣ እርጉዞችና የምታጠቡ እናቶች፣ መድኃኒት የምትወስዱ አረጋውያን ሆይ፤ አባቶቻችሁንና ሐኪሞቻችሁን አማክራችሁ መብላት ሲገባችሁ ሳታፍሩ ብሉ። እንደ እኔ በር አትቆልፉ። የምንጾመውም የሰውን ሳህን መመርመር እንተው። ሐዋርያው ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው በምዕራፍ 14 «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» ብሎናል። በር የሚያስቆልፈው የእኛ ዓይን ነው እኮ!

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ። በንጉሡ በዳርዮስ አራተኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ518 ዓመት፣ ሰዎች ወደ ኢየሩሳሌም ተልከው መጡ። ቤተ መቅደሱ የተቃጠለበትን አምስተኛውን ወር በየዓመቱ በጾምና በልቅሶ ሲያስቡት ኖረዋል። አሁን ግን ቤተ መቅደሱ እየታነጸ ነው። «እንደ ወትሮው ማልቀሳችንን እንቀጥል ወይስ እንተው?» ብለው ጠየቁ። ተገቢ የሥርዓት ጥያቄ ነው። በነቢዩ በዘካርያስ አፍ የመጣላቸው መልስ ግን ጥያቄ ነበር፤ በእነዚህ 70 ዓመታት የጾማችሁት በእርግጥ ለእኔ ነበርን? ስትበሉና ስትጠጡስ የበላችሁትና የጠጣችሁት ለራሳችሁ አልነበረምን? እስቲ አስቡት። ጥያቄ ይዘው ሄደው ሌላ ጥያቄ ተሸክመው ተመለሱ። 70 ዓመት! በ70 ዓመት ውስጥ ጾመው የሞቱ፣ ሲጾሙ ተወልደው ሲጾሙ ያረጁ ሰዎች አሉ። ልማዱ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል፤ ለማን እንደሚጾም የሚለው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ጾም ከእግዚአብሔር ሲለይ ባዶ ሆኖ ብቻ አይቀርም፤ ለክፉ ሥራ መሣሪያም ይሆናል። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ለአትክልት ቦታ ፈለገው፤ ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ኤልዛቤል ምን አደረገች? በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤው የመጀመሪያ ትእዛዝ ምን ነበር? ጾም አውጁ የሚል ነው። ሕዝቡ በጾም ተሰበሰበ፤ ናቡቴ በፊታቸው ተቀመጠ፤ ሐሰተኛ ምስክሮች መጡ፤ ተወግሮ ሞተ። በዚያ ቀን ከተማው ሁሉ ጾሞ ነበር። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ጾም አለ፤ ያው አክዓብ የኤልያስን ቃል ሰምቶ ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ጾመ፣ አንገቱን ደፍቶም ሄደ። እግዚአብሔርም ለኤልያስ «አክዓብ በፊቴ እንደ ተዋረደ አየህን?» ብሎ ቅጣቱን በእርሱ ዘመን እንደማያመጣ ነገረው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ለዚያ ክፉ ሰው እንኳ አንድ ቀን በፊቴ ተዋረደ ተባለለት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ደግሞ ጳውሎስን እስኪገድሉ ድረስ እንዳይበሉም እንዳይጠጡም የተማማሉ ከ40 የሚበዙ ሰዎች አሉ። ከእህልም ከውኃም የተከለከሉበት ጾም ነው፤ ከእኛ ጾም ይጠብቃል። የጾሙ ጥብቅነት ብቻውን ምንም አይነግረንም ማለት ነው።

እናንተም በልባችሁ «እኛ ሰው አንገድል፤ ርስት አንቀማ» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ግን ወደ ቤታችንና ወደ ሥራ ቦታችን ይገባል፤ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ፣ ለጠብና ለክርክር ትጾማላችሁ ይላል። ሁለተኛው ታሪኬ ከዚህ ላይ ነው።

ለብዙ ዓመታት የአንድ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በሥሬ ከነበሩት ሁሉ በዕድሜ የምታንስ አንዲት ሠራተኛ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ስትሄድ ልትሰናበተኝ ቢሮዬ ገባች። እኔም እንደ አባት ሆኜ «ከእንግዲህ አለቃሽ አይደለሁም፤ ላርመው የሚገባኝ ነገር ካለ ንገሪኝ» አልኋት። ዝም ብላ ቆየችና አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችኝ፤ «እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት። ግን ጾም ሲገባ እንፈራዎታለን። እርስ በርሳችን 'ጾም ገብቷል፤ ዛሬ ወረቀት ይዘሽ አትግቢ' እንባባላለን። ጾሙ ሲፈታ እኛም አብረን እንፈታለን።»

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ ያን ቀን የደረሰብኝን ልነግራችሁ ቃል የለኝም። እኔ ለነፍሴ እየጾምሁ ነው ብዬ ሳስብ፣ የጾሜን ዋጋ የሚከፍሉት እነዚያ ልጆች ነበሩ። ረኀቤ የእኔ፣ ቁጣዬ ግን የእነርሱ ነበር። እግዚአብሔርን በምሕረትህ ተቀበለኝ እያልሁ ስወጣና ስገባ፣ በሥሬ ያሉት ሰዎች ጾሙ የሚያልቅበትን ቀን ይቆጥሩ ነበር! ከዚያ ወዲህ በጾም ወራት ማታ ለጸሎት ከመቆሜ በፊት የማደርገው አንድ ነገር አለ። በዕለቱ ያገኘኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን አስባለሁ፤ በእኔ ምክንያት ፊቱ የጠቆረ ካለ በማግሥቱ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከባድ ነው። ከምግብ መከልከል ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ እመኑኝ።

የጥንት ክርስቲያኖች ይህን ያውቁት ነበር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አርስጢደስ የተባለ የአቴና ሰው ስለ ክርስቲያኖች ለሮም ንጉሠ ነገሥት ሲጽፍ፣ በመካከላቸው ችግረኛ ሲኖርና የሚሰጡት ትርፍ ሲያጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ጾመው ያንን ምግብ ለችግረኛው እንደሚሰጡ መስክሮላቸዋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም በ387 እ.ኤ.አ. በአንጾኪያ እንዲሁ አስተማረ። የከተማው ሰው የንጉሡን ሐውልቶች ሰብሮ ቅጣቱን በፍርሃት ይጠባበቅ ነበር፤ አረጋዊው ጳጳስ ፍላብያኖስ እኅቱ በሞት አፋፍ ላይ እያለች ትቷት ስለ ሕዝቡ ምሕረት ሊለምን ረጅሙን መንገድ ሄዷል፤ ጊዜውም የዐቢይ ጾም ወቅት ነበር። አፈወርቅ ለዚያ ለተጨነቀ ሕዝብ ዓይንም፣ ጆሮም፣ እጅና እግርም ይጹሙ አላቸው፤ ከወፍና ከዓሣ ሥጋ ተከልክለን ወንድሞቻችንን የምንነክስና የምንበላ ከሆነ ምን ይጠቅመናል ብሎ ጠየቃቸው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ ከባዱ ጥያቄ ነው። «ጾም በስውር ከሆነ፣ ሁላችን በአንድነት የምንጾመው ጾምስ ምንድን ነው? በቤተ ክርስቲያን ቆመን መጸለያችንስ?» ትሉኛላችሁ። ነቢዩ ኢዩኤል በምዕራፍ 2 ሁለቱንም በአንድ ላይ ነግሮናል። «ልባችሁን እንጂ ልብሳችሁን አትቅደዱ» ካለ በኋላ ወዲያው መለከት ንፉ፣ ጾምን ቀድሱ፣ ሽማግሌዎቹንና ሕፃናቱን ሰብስቡ፣ ሙሽራውም ከእልፍኙ ይውጣ ይላል። ሁሉ ሲጾም ማንም ለብቻው ጎልቶ አይታይም። እኔ የአዋጅ ጾምን የምወደው ስለዚህ ነው፤ ራሱ መሸሸጊያ ነው። ከብዙ ጾመኞች መካከል አንዱ ሆኜ እጠፋለሁ።

ዳንኤልን ደግሞ እዩት። ከንጉሡ በቀር ማንንም የሚለምን ወደ አንበሶች ጕድጓድ ይጣል የሚል ሕግ ሲወጣ፣ ወደ ቤቱ ገባ፤ መስኮቶቹ ወደ ኢየሩሳሌም ተከፍተው ነበር፤ ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ በቀን ሦስት ጊዜ በጕልበቱ ተንበርክኮ ጸለየ። ጌታችን ዝጋ ያለውን ዳንኤል ለምን ከፈተ? እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። መጸለይ ክብር በሚያስገኝበት ቦታ መዝጊያውን ዝጋ፤ መጸለይ አንበሳ በሚያመጣበት ቦታ መስኮቱን አትዝጋ። ዳንኤል ያን ቀን ቢዘጋው ኖሮ የዘጋው በሰው ፍርሃት ነበር። ቀድሞም ተከፍቶ ነበር፤ እንደ ተከፈተ ተወው። ትእዛዙ ስለ መዝጊያው እንጨት አይደለም፤ በልባችን ውስጥ ማን እያየን እንደሆነ ነው።

ይህ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም መደበቅም ራሱ መታያ ሊሆን ይችላል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዮሐንስ ካስያን የተባለ መነኩሴ የጻፈውን አንብቤአለሁ፤ አባቶች ከንቱ ውዳሴን በሽንኩርት ይመስሉት ነበር፤ አንዱን ልጣጭ ስታነሣው ሌላው ከሥሩ ይወጣል። እኔም ፎቶ ከማይለጥፉት ነኝ ብዬ ስመካ፣ ከሁለተኛው ልጣጭ ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው። ያ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ ያለው ፈሪሳዊ እኮ አልዋሸም። ይጾም ነበር፤ አሥራትም ያወጣ ነበር። ብቻ ለጸሎት ሲቆም ከኋላው የቆመውን ቀራጭ እያየ ነበር።

ይኸው ካስያን የግብፅን ገዳማት ሲጎበኝ፣ አባቶች ለእንግዳ ሲሉ የዘወትር ጾማቸውን ትተው ሲበሉ አይቶ ጠየቀ። አንዱ አረጋዊ የመለሰለትን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ፤ ጾም ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነው፤ አንተን ግን ቶሎ እሸኝሃለሁና ላቆይህ አልችልም። ከእንግዳው ጋር በላ፤ እንግዳው ሲሄድም ወደ ጾሙ ተመለሰ። ስለ ጾሙም ስለ መብላቱም አልተጨነቀም፤ የሚያየው አንድ ነውና። እኔ ቢሮዬን ቆልፌ በበላሁባቸው ቀናት ያጣሁት ይህን ነጻነት ነበር።

ሰዓቴ እያለቀ ነው። አዘጋጆቹ በመርሐ ግብሩ ላይ ንግግሬን በጸሎት እንድዘጋ ጽፈዋል። ከይቅርታ ጋር እርሱን ልተወው። በድምፅ ብጸልይ፣ ቃላቴን እንዴት እንደምትሰሙት ማሰቤ አይቀርምና። ይልቁንስ ሁላችን እንነሣ፤ መብራቱም ቢጠፋ እወዳለሁ። ለአምስት ደቂቃ እያንዳንዳችን በየልባችን እንጸልይ፤ ሲያበቃም ሰላምታ ሳንለዋወጥ፣ ማንም ስለ ጸሎቱ ለማንም ሳይናገር፣ በዝምታ ወደየቤታችን እንሂድ።